በቤት የሚገጠም የሞተር ሳይክል ፀረ ስርቆት ማንቂያ በላሊበላ ሁኔታ ሲመዘን፦ ባትሪ፣ ድምፅ እና ሞተር ማጥፊያ ሽቦ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ ከገበያ ተገዝቶ በባለንብረቱ እጅ የሚገጠም የሞተር ሳይክል ፀረ ስርቆት ማንቂያን በላሊበላና በአካባቢው የላስታ ደጋ ሁኔታ ይመዝናል። መሣሪያው ርካሽና ቀላል መስሎ ቢታይም ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣል። እነዚህም ቆሞ በሚያድር ሞተር ሳይክል ባትሪ ላይ የሚያሳድረው ጫና፣ ጩኸቱ ሰሚ ጆሮ ዘንድ የመድረስና የመታመን ዕድሉ፣ እንዲሁም የሞተሩን እሳት የሚያቋርጠው ሽቦ በጉዞ ላይ የሚያስከትለው አደጋ ናቸው። ትንተናው በመሠረታዊ የኤሌክትሪክና የድምፅ ስሌት ላይ የተመሠረተ ነው። የደረሰበት መደምደሚያ ማንቂያው ሰው ለመጥራት ብቻ እንዲያገለግል፣ የማገድ ሥራው ግን ለሜካኒካዊ ቁልፍና እንደ ሞተሩ ዓይነት በእጅ ለሚዘጋ ስውር ማብሪያ እንዲተው የሚል ነው።

1. መግቢያ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የውስጥ ለውስጥ መንገዶቿ አቀበትና ቁልቁለት ናቸው። ከከተማዋ ወደ ሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መንገድም ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ውስጥ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በከተማዋ ውስጥ የሰው ማመላለሻው በአብዛኛው ባጃጅ ሲሆን፣ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚወጡ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች፣ ለነጋዴዎችና ለአስጎብኚዎች ሞተር ሳይክል ከመጓጓዣነት አልፎ የሥራ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለ ንብረት በአንድ ሌሊት ሲጠፋ የሚጠፋው የብረቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የወራት ገቢም አብሮ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ የሞተር ሳይክልና የስርቆት ግንኙነት በአደባባይ ጎልቶ የተነሣው ከሌላ አቅጣጫ ነበር። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ሲያግድ የሰጠው ምክንያት ሞተር ሳይክሎች ለቅሚያና ለዝርፊያ መዋላቸው ነበር። ሕጋዊ ፈቃድ ላላቸው አገልግሎቶች የተፈቀደው አሠራርም የጂፒኤስ መከታተያ መግጠምን ያካተተ ነበር። በዚያ ውሳኔ ሞተር ሳይክሉ የወንጀሉ መሣሪያ ነው፤ የሚገጠመውም ዕቃ የሚያገለግለው ተቆጣጣሪውን አካል ነው። እዚህ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ሞተር ሳይክሉ የሚሰረቀው ንብረት ሲሆን፣ መሣሪያውን የሚገዛውም፣ የሚገጥመውም፣ ሲበላሽ የሚጎዳውም ባለንብረቱ ራሱ ነው።

የዚህ ዓይነት ማንቂያ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በውጭ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ይዞ ነው። መመሪያው የትኛው ቀለም ሽቦ ከየት እንደሚገናኝ ያሳያል፤ የትኛው ሽቦ ባይገናኝ እንደሚሻል ግን አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ይኸው ነው፦ ከማንቂያው ተግባራት ውስጥ በላሊበላ ሁኔታ የትኛው ይጠቅማል፣ የትኛውስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል?

2. የመሣሪያው አካላት

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ማንቂያ አምስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ነው፤ በውስጡ የሬዲዮ መቀበያ፣ አነስተኛ ኮምፒዩተርና ሪሌዎች ይገኛሉ። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሣጥን ውስጥ የሚገኘው የንዝረት ሴንሰር ሲሆን፣ ሻንሲው ሲነካ ወይም ሲነቀነቅ ምልክት ይሰጣል። ሦስተኛው ሳይረን ነው። አራተኛው ባለንብረቱ በኪሱ የሚይዘው ሪሞት ነው። አምስተኛው እነዚህን ከባትሪው፣ ከማስነሻ ቁልፉ፣ ከፍሬቻዎቹና ከሞተሩ የእሳት ሥርዓት ጋር የሚያያይዘው የሽቦ እቅፍ ነው።

የእነዚህ ክፍሎች ተግባር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መጥራት ነው፤ ሴንሰሩ ሲነቃ ሳይረኑ ይጮኻል፣ ፍሬቻዎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሁለተኛው ማገድ ነው፤ ሪሌው የእሳት ሥርዓቱን ዘግቶ ሞተሩ እንዳይነሣ ያደርጋል። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ስለሚሸጡ እንደ አንድ ነገር ይታያሉ። ይሁን እንጂ ሲበላሹ የሚያስከትሉት መዘዝ አይመሳሰልም። የተበላሸ ሳይረን ዝም ይላል፤ የተበላሸ ማገጃ ግን ሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ ይችላል። የሚከተለው ትንተና ይህን ልዩነት ይዞ ይሄዳል።

3. ባትሪው ምን ያህል ይችላል?

ማንቂያው ሲጠብቅም ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የሪሞቱን ምልክት ለመስማት መቀበያው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት መሆን አለበትና። ይህ የመጠባበቂያ ፍጆታ እንደ መሣሪያው ጥራት ከጥቂት ሚሊ አምፔር እስከ ሃያና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በመኪና ባትሪ ላይ ይህ መጠን ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። በትንሽ ሞተር ሳይክል ባትሪ ላይ ግን ወሳኝ ነው።

ለምሳሌ 12 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ይወሰድ። ባትሪው ግማሹን ካጣ ሞተሪኖውን ለማዞር እንደሚቸገር ቢታሰብ፣ ማንቂያው ሊጠቀምበት የሚችለው 2.5 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። የመጠባበቂያ ፍጆታው 3 ሚሊ አምፔር ከሆነ በቀን 0.072 አምፔር ሰዓት ስለሚሄድ ባትሪው 34 ቀናት ያህል ይቆያል። ፍጆታው 10 ሚሊ አምፔር ቢሆን በቀን 0.24 አምፔር ሰዓት ሄዶ በ10 ቀናት ውስጥ ያልቃል። 20 ሚሊ አምፔር ከሆነ ደግሞ ከ5 ቀናት ጥቂት አይዘልም። ባትሪው አርጅቶ አቅሙ በግማሽ ቢቀንስ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ በግማሽ ይቀንሳሉ። ብርድም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የእርሳስና አሲድ ባትሪ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከክፍል ሙቀት አቅሙ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፣ የላስታ ደጋ የበጋ ሌሊት ደግሞ ከዚህ ሙቀት ብዙም አይርቅም። በስሌቱ ላይ ባትሪው በራሱ የሚያጣው ክፍያ አልተጨመረም።

የሐሰት ጩኸት ፍጆታውን ያባብሳል። ሳይረኑ 1 አምፔር የሚወስድና በእያንዳንዱ ጊዜ 30 ሰከንድ የሚጮኽ ቢሆን፣ በአንድ ሌሊት 20 ጊዜ ያለ ምክንያት ቢነቃ 0.167 አምፔር ሰዓት ይበላል። ይህም የ10 ሚሊ አምፔር ማንቂያ በ17 ሰዓታት ገደማ ዝም ብሎ በመጠበቅ ከሚበላው ጋር እኩል ነው።

በየቀኑ ለሚነዳ ሞተር ሳይክል ይህ ሁሉ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው መልሶ ይሞላል። ችግሩ የሚመጣው ሞተር ሳይክሉ ሲቆም ነው፤ በላሊበላም ለረጅም ጊዜ የሚያቆሙ ምክንያቶች አይጠፉም። ነዳጅ ይጠፋል፣ የጎብኚ ወቅት ያልፋል፣ የጸጥታ ሁኔታ መንገድ ይዘጋል። በግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ቻርጀርም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት ከተማዋ ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየቷ የሚታወስ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተሻለው አማራጭ አነስተኛ የፀሐይ ፓነል ነው። 5 ዋት ፓነል በቀን የ4 ሰዓታት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 20 ዋት ሰዓት ያመነጫል። ግማሹ በብክነት ቢጠፋ እንኳ የሚቀረው 0.8 አምፔር ሰዓት የ10 ሚሊ አምፔር ማንቂያን የቀን ፍጆታ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሸፍናል። ፓነሉ ግን በክፍያ መቆጣጠሪያ በኩል መገናኘት ይኖርበታል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መርህ ግልጽ ነው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው የሳይረን ኃይል ከመታየቱ በፊት የመጠባበቂያ ፍጆታው በቴስተር ሊለካ ይገባል። ስርቆት ይከላከላል ተብሎ የተገጠመ ዕቃ ጧት ሞተሩ እንዳይነሣ ካደረገ፣ ባለንብረቱ በሁለተኛው ሳምንት ነቅሎ ይጥለዋል።

4. ጩኸቱ የት ይደርሳል፣ ማንስ ያምነዋል?

ድምፅ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል፣ አሥር እጥፍ ሲሆን ደግሞ 20 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ1 ሜትር ርቀት 110 ዴሲቤል የሚለካ ሳይረን በ10 ሜትር 90፣ በ100 ሜትር 70 ዴሲቤል ይሆናል። በመካከሉ የተዘጋ በርና ወፍራም ግድግዳ ሲገባ ስሌቱ ይለወጣል። የላስታ ነባር ክብ ቤቶች በድንጋይ የተገነቡ በመሆናቸው ከውጭ የሚመጣን ድምፅ በእጅጉ ያፍናሉ። ቤቱ ከድምፁ 25 ዴሲቤል ቢያስቀር፣ በ100 ሜትር ርቀት ተኝቶ ላለ ሰው የሚደርሰው 45 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ከለዘብተኛ ንግግር የማይበልጥ ድምፅ ነው። በመሆኑም የማንቂያው ተጠሪ ሰፈሩ ሁሉ ሳይሆን በዚያው ግቢ የሚያድር ሰውና የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ሞተር ሳይክሉ ከሚታደርበት ክፍል ርቆ ከቆመ የጮኸው ጩኸት ለማንም አልተላከም ማለት ነው።

ከድምፁ ጥንካሬ ይልቅ የሚከብደው የመታመኑ ጉዳይ ነው። ሴንሰሩ ሌባን ከነፋስ አይለይም፤ የሚያውቀው ሻንሲው መነቅነቁን ብቻ ነው። የክረምት ነጎድጓድና በረዶ፣ በአጠገብ የሚያልፍ ከባድ መኪና፣ በግቢው የታሰረ በግ፣ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ሊያነቁት ይችላሉ። በታኅሣሥ 29 የልደት በዓል ከተማዋ በምእመናን ስትሞላ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቆመ ሞተር ሳይክል ሳይነካ አያድርም። ማኅሌት በተቆመበት ሌሊት ያለ ምክንያት ደጋግሞ የሚጮኽ ሳይረን ባለንብረቱን ከጎረቤትም ከካህናትም ጋር ያጣላዋል። ከሁሉ የከፋው ግን በእውነት ሌባ በመጣ ሌሊት «ያ ያበደ ሞተር ነው» ተብሎ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛቱ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው አነጋገር የዘገየውን ውሻ ይወቅሳል። ማንቂያ ግን ጅብ ሳይመጣ በመጮኽም እኩል ይወቀሳል። ስለዚህ የሴንሰሩ ንቃት ዝቅ ካለው ደረጃ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ከፍ ሊል ይገባል። መለኪያው ቀላል ነው። መቀመጫውን በመዳፍ ቀስ ብሎ መንካት ሊያስጮኸው አይገባም፤ ሞተር ሳይክሉን ከማቆሚያው ማንሣት ወይም መሪውን በኃይል ማዞር ግን ሁልጊዜ ሊያስጮኸው ይገባል። ሁለት ደረጃ ያለው ማንቂያ፣ ማለትም ለቀላል ንክኪ አጭር ጥሪ፣ ለተደጋጋሚ ንቅናቄ ሙሉ ጩኸት የሚሰጥ፣ ለዚህ ዓላማ የተሻለ ነው። በበዓል ሌሊትና በሕዝብ መካከል ግን ማንቂያውን አጥፍቶ ሞተር ሳይክሉን በሰው ማስጠበቅ ይመረጣል።

5. ሞተር ማጥፊያው ሽቦ

የማንቂያው ሁለተኛ ተግባር፣ ማለትም ማገዱ፣ የሚወሰነው ሞተሩ እሳት ከየት እንደሚያገኝ በማወቅ ነው። ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች በካንዴላው ላይ እሳት የሚፈጥረውን ሲዲአይ የተባለ ክፍል በሁለት መንገድ ይመግቡታል። በመጀመሪያው ዓይነት ሲዲአዩ ኃይሉን በቀጥታ ከማግኔቶው ያገኛል። ባትሪው ቢሞት ወይም ቢነቀል እንኳ ሞተሩ በእግር ፔዳል ሊነሣ ይችላል፤ የሚጠፋውም ማጥፊያው ሽቦ ከሻንሲው ጋር ሲነካ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ሲዲአዩ የሚመገበው ከባትሪው 12 ቮልት ሲሆን፣ የሚጠፋው ያ ምግብ ሲቋረጥ ነው። አንዱ በማገናኘት፣ ሌላው በማለያየት ይጠፋል። ይህን ሳይለዩ የገበያውን ሪሌ ማገናኘት ለሁለቱም ዓይነት ስሕተት በር ይከፍታል።

በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ያለው ምርጫ አጣብቂኝ ነው። ሪሌው ኃይል ሲያጣ ክፍት የሚሆን ከሆነ፣ ሌባው የባትሪውን ሽቦ በፒንሳ ቆርጦ ሳይረኑንም ማገጃውንም በአንድ ጊዜ ዝም ያሰኛቸዋል፤ ከዚያ በፔዳል አስነሥቶ ይሄዳል። ሪሌው ኃይል ሲያጣ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ይህ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ነገር ግን በጉዞ ላይ የማንቂያው ፊውዝ ቢቃጠል ወይም አንድ መጋጠሚያ ቢላቀቅ ሞተሩ በድንገት ይጠፋል። በሁለተኛው ዓይነት ላይም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው፤ የሞተሩ ሙሉ ምግብ ለመብራት በተሠራ ቀጭን ሽቦና በርካሽ ሪሌ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል።

ሞተር በጉዞ ላይ መጥፋቱ ምን ያህል ከባድ ነው? የሞተር ሳይክል ፍሬን በሞተሩ ኃይል ስለማይሠራ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ አይጠፋም። ሜዳ ላይ የሚሆነው መዘግየት ብቻ ሊሆን ይችላል። በተዳፋት ላይ ግን ሌላ ነው። ጠጠር በበዛበት ቁልቁለት ላይ፣ ኩርባ መካከል፣ ሞተሩ በማርሽ እንዳለ ድንገት ሲጠፋ የኋላ ጎማው በአንድ ጊዜ ይያዛል፣ ሊንሸራተትም ይችላል። በአቀበት ላይ ጭነትና ሰው የያዘ ሞተር ሳይክል ኃይሉን ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በምሽት ደግሞ መብራታቸው ከማግኔቶው በቀጥታ በሚበራ ሞተር ሳይክሎች ላይ ነጂው ደንግጦ ፍሪሲዮን ሲይዝ የፊት መብራቱም አብሮ ይጠፋል። በሪሞት ትእዛዝ የሚሠራ ማገጃ ይህን ሁሉ የሚያመጣበት መንገድ ብዙ ነው፦ እርጥበት የገባው ሣጥን፣ ኪስ ውስጥ የተጫነ ሪሞት፣ በንዝረት የላላ ሶኬት።

የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 62 ባለ መሪ ተሽከርካሪዎችን ካለፈቃድ ከመጠቀም ስለ መከላከል የወጣ ሲሆን፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ መከላከያው በአጋጣሚ ሠርቶ ደህንነትን አደጋ ላይ እንዳይጥል ይጠይቃል። በፋብሪካ የተሠራ ቁልፍ ይህን መመዘኛ አልፎ ይመጣል፤ በጓሮ የተገጠመ ሪሌ ግን ፈታኝ የለውም።

ከዚህ በላይ በላሊበላ የማገጃው ጥቅም ራሱ አጠራጣሪ ነው። ሞተር ሳይክል ከተዳፋት ላይ ለመውሰድ ሞተሩን ማስነሣት ግድ አይደለም። ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ብቻ ይበቃል፤ ቁልቁለቱ ድምፅ ሳያሰማ ያወርደዋል። እሳቱን የዘጋ ሪሌ ጎማውን አይዘጋም። ጎማውን የሚዘጋው የመሪ ቁልፍ፣ በዲስክ ላይ የሚታሰር ቁልፍ ወይም ከቋሚ ብረት ጋር የሚያስር ሰንሰለት ነው። ስለዚህ ማገጃው ሪሌ በነጂው ላይ አደጋ እየጨመረ፣ በዚህ ከተማ ቀላል ለሆነው የስርቆት መንገድ መልስ አይሰጥም።

ማገጃ የሚፈልግ ባለንብረት ቢኖር የተሻለ መንገድ አለ። ከማግኔቶው በሚመገበው ዓይነት ላይ፣ በመቀመጫው ሥር ወይም በሌላ ስውር ቦታ የሚቀመጥ ተራ የእጅ ማብሪያ ማጥፊያውን ሽቦ ከሻንሲው ጋር ሊያገናኝ ይችላል። ይህ ማብሪያ ባትሪ ስለማይፈልግ ሌባው ባትሪውን ቢቆርጥም ሥራውን ይሠራል። የራሱ ሽቦ ከላላ ወይም ከተቆረጠ ደግሞ ሞተሩ አይጠፋም። ከእጅ በቀር የሚያዘው የሬዲዮ ምልክትም የለም። ሪሌው በሁለት አቅጣጫ ያቃተውን ይህ ተራ ዕቃ በሁለቱም ይወጣዋል፤ የሚጠይቀው በየምሽቱ አንድ ጊዜ እጅን መዘርጋት ነው። ማብሪያው ግን በንዝረት በራሱ የማይዘጋ፣ ጠንካራ መርገጫ ያለው መሆን አለበት። ከባትሪው በሚመገበው ዓይነት ላይ ይህ መፍትሔ አይሠራም፤ ማብሪያው በምግቡ መስመር ላይ ስለሚገባ ብልሽቱ ሞተሩን ያጠፋል። ለዚህ ዓይነት ሜካኒካዊ ቁልፍ ብቻውን ይመረጣል።

6. የአገጣጠም ቅደም ተከተል

ከላይ በቀረበው ትንተና መሠረት በቤት የሚከናወን አገጣጠም የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊይዝ ይችላል። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁልፎች፣ ቴስተር፣ ፊውዝ ከነማቀፊያው፣ መበየጃና ናስትሮ ናቸው።

አንደኛ፣ የእሳት ሥርዓቱን ዓይነት መለየት። የማስነሻ ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሣ በሲዲአዩ ሶኬት ላይ ያሉት ሽቦዎች ከሻንሲው አንጻር በቴስተር ይለካሉ። በአንዱ ላይ 12 ቮልት ገደማ ከታየ ሲዲአዩ ከባትሪ የሚመገብ ነው።

ሁለተኛ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ አስቀድሞ መፍታት። ፖዘቲቩ አስቀድሞ ቢፈታና ቁልፉ ሻንሲውን ቢነካ አጭር ዙር ይፈጠራል።

ሦስተኛ፣ ቦታ መምረጥ። ሣጥኑ በመቀመጫው ሥር፣ ከማርሚታው ሙቀትና ከጎማው ጭቃ ርቆ፣ ሴንሰሩ ንዝረቱን እንዲሰማ ከሻንሲው ጋር ጠብቆ ይታሰራል። ሳይረኑ አፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ይቀመጣል።

አራተኛ፣ ሽቦዎቹን ማገናኘት። የምግቡ ፖዘቲቭ ለባትሪው ቅርብ በሆነ ፊውዝ በኩል ያልፋል፤ ፊውዙ ከሽቦው አቅም በላይ ሊሆን አይገባም። ኔጌቲቩ ከባትሪው ወይም ቀለሙ ከተፋቀ የሻንሲ ቡሎን ጋር ይገናኛል። ከማስነሻ ቁልፉ የሚመጣው መለያ ሽቦና የግራና የቀኝ ፍሬቻ ሽቦዎች ይከተላሉ። ሪሌው ወደ እሳት ሥርዓቱ የሚልከው ሽቦ አይገናኝም፤ ጫፉ ተቆርጦ ለብቻው በናስትሮ ይሸፈናል። ከሩቅ ሞተር የሚያስነሣው ሽቦም እንዲሁ። ማርሽ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል በሪሞት ቢነሣ ሰው በሌለበት ወደፊት ሊዘልል ይችላልና።

አምስተኛ፣ መጋጠሚያዎችን ማጽናት። የተጠማዘዘ ሽቦ ብቻውን በጠጠር መንገድ ንዝረት ይላላል፤ ስለዚህ ይበየዳል፣ ከዚያም ይሸፈናል። መሪው ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው ሲዞር ምንም ሽቦ መወጠር ወይም መቆንጠጥ የለበትም።

ስድስተኛ፣ መለካት። ቴስተሩ በኔጌቲቩ መስመር ላይ በተከታታይ ገብቶ፣ በመጀመሪያ በአምፔር ደረጃ፣ ከዚያም በሚሊ አምፔር ደረጃ የመጠባበቂያ ፍጆታው ይነበባል። ቴስተሩ በሚሊ አምፔር ላይ ሳለ የማስነሻ ቁልፉን ማብራትም ሆነ ሳይረኑን ማስጮኽ የቴስተሩን ፊውዝ ስለሚያቃጥል ማንቂያው ሳይነቃ መለካት ያሻል። ንባቡ 10 ሚሊ አምፔርን ካለፈና ሞተር ሳይክሉ ለቀናት የሚቆም ከሆነ፣ ዕቃውን መመለስ ወይም የፀሐይ ፓነል መጨመር ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፣ መፈተን። ሴንሰሩ በአራተኛው ክፍል በተገለጸው መንገድ ይስተካከላል። ሪሞቱም የሳይረኑ ድምፅ ሊሰማ ከሚችልበት፣ ባለንብረቱ ከሚተኛበት ክፍል ይሞከራል።

7. ማንቂያው የማይመልሰውና ማጠቃለያ

ማንቂያ ስርቆትን ሊያስተጓጉል ይችላል፤ የተሰረቀውን ግን አይመልስም። ላሊበላ ይህን ልዩነት ከሌላ ታሪክ ታውቀዋለች። በ1989 ዓ.ም ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ከአራት ዓመታት በኋላ ከውጭ አገር ሊመለስ የቻለው ያ መስቀል ሌላ መስቀል ሊሆን ስለማይችል ነው፤ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ሞተር ሳይክል በአንጻሩ ከፋብሪካ በሺዎች ተመሳስሎ ይወጣል። ከሌላው የሚለየው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ብቻ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከፎቶግራፍ ጋር በቤት መዝግቦ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም፤ ንብረቱ ከተገኘ በኋላም የባለቤትነት ማስረጃ ይሆናል።

ከትንተናው ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የማንቂያ ምርጫ መጀመር ያለበት ከመጠባበቂያ ፍጆታው ነው፤ የትንሽ ሞተር ሳይክል ባትሪ ከሳይረኑ ኃይል ይልቅ በዝምታው ወቅት ይጎዳልና። ሁለተኛ፣ ጩኸት የሚጠቅመው ሰሚ ሲኖረውና ሰሚው ሲያምነው ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ በተዳፋት አገር በሬዲዮ ትእዛዝ ሞተር የሚያጠፋ ሽቦ ሊገናኝ አይገባም። ንብረትን ለመጠበቅ የተገዛ መሣሪያ ነጂውን በኩርባ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ከተሰረቀ ሞተር ሳይክል የከበደ ዋጋ ያስከፍላል።

ለቀጣይ ጥናት በገበያ ላይ ያሉ ማንቂያዎችን የመጠባበቂያ ፍጆታ በአንድ ዓይነት መንገድ ለክቶ በንጽጽር ማቅረብ ጠቃሚ ይሆናል። ሥራው ከአንድ ቴስተርና ከጥቂት ባትሪዎች በላይ አይጠይቅም፤ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ ከዕቃው ጋር ለገዢው ሊደርስ የሚችል ነው። እስከዚያው ድረስ ባለንብረቱ ያለውን ገንዘብ በቅድሚያ ለሰንሰለትና ለዲስክ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ለማንቂያው ቢያውል፣ ማንቂያውንም የሚገጥመው በሚተኛበት ክፍል አጠገብ ለሚቆም ሞተር ሳይክል ቢሆን ይመረጣል።